ከማርሚታህ ውስጥ ያወጣሁት

አባዬ፣

በሰው ፊት «እርስዎ» እልህ ነበር፤ ቤት ስንገባ ግን «አንተ» ነበርክ። ዛሬም ቤት ውስጥ ሆኜ ነውና የምጽፍልህ፣ «አንተ» እልሃለሁ። ከተለየኸን አሥር ወር ሆነ። እናቴ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ያማታል እንጂ። ወንድሜ ከሠራዊቱ ሊወጣ ጥቂት ወር ነው የቀረው። እኔም እዚያው ጋራዥ ነኝ፣ የሰው ሞተር ሳይክል እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። ያንተን ሞተር ሳይክል የምነዳውም እኔ ነኝ። እናቴ እንሽጠው ብላ ነበር፤ እምቢ አልኩ።

አንድ ነገር ደግሞ አድርጌያለሁ። ማርሚታውን፣ እዚህ ኤግዞዝ የሚሉትን የጭስ ማውጫ፣ ቀይሬዋለሁ። ልቀይርልህ ባልኩ ቁጥር «ተይው፣ ሰው ይረበሻል» ያልከኝን ማለቴ ነው። አዲሱ ድምፅ አለው። በሕይወት ሳለህ እሺ ብዬሃለሁ፤ አሁን ግን አልታዘዝህም።

ነገሩ የጀመረው ሐዘን በተቀመጥንበት ሰባት ቀን ነው። ከሥራ ቦታህ አለቃህ መጣ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ድምፅህን ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረን። እንዴት ያለ ዝምተኛ ሰው ነበር አለ። ማመስገኑ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡትም ያንኑ ደገሙት። እናቴ አንገቷን ደፍታ አመሰገነች፤ እኔ ሻይ ላምጣ ብዬ ተነሣሁና ወጥ ቤት ውስጥ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። የማላውቀው ሰው ሐዘን ቤት የተቀመጥኩ መሰለኝ።

እኔ የማውቀው አባት ዝምተኛ አልነበረም። አገር ቤት ሳለን ትንሽ ልጅ ብሆንም አልረሳሁም። ከብት ሲጠፋ፣ ሰው ሲሞት፣ ወንዝ ማዶ መልእክት ሲኖር «አያ ፈንታ ይጣራ» ይባል ነበር። ጉብታው ላይ ወጥተህ፣ እጅህን ባፍህ ዙሪያ አድርገህ ስትጣራ፣ ማዶ የሚያርሰው ሰው እርፉን ለቆ ቀና ይላል። እኔ እግርህን አቅፌ እቆማለሁ። ድምፅህ በእግርህ በኩል እጄ ድረስ ይመጣ ነበር።

እስራኤል መጥተን ጊቫት ኦልጋ የገባን ሰሞን ሕንፃው ሥር ቆመህ አራተኛ ፎቅ ያለችውን እናቴን እንደዚያው ተጣራህ። የበሩን ደወል ገና የት ታውቀዋለህ። ምድር ቤት የምትኖረው ሲማ መስኮቷን ከፍታ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ሼኬት» አለችህ። ዝም በል ማለቷ ነው። ለዕብራይስጥ ትምህርት ስንት ወር ተቀምጠህ ያልገባህ ቋንቋ፣ ያቺ አንዷ ቃል ወዲያው ገባችህ። ከዚያ ወዲህ ስትጣራ ሰምቼህ አላውቅም።

ሞተር ሳይክሉን ስትገዛ ደግሞ ባሰብህ። አውቶቡስ ሳይጀምር ለጠዋት ፈረቃ ስትወጣ እስከ መንገዱ ማዕዘን ገፍተኸው፣ እዚያ ስትደርስ ነው የምታስነሣው። ስትመለስም ማዕዘኑ ላይ አጥፍተህ እስከ በሩ ትገፋለህ። በዝናብም ሆነ የባሕሩ ነፋስ አላራምድ ሲልህ ያው ነው። ሐኪሙ ልብህ ደክሟል፣ ከባድ ነገር አትግፋ ካለህ በኋላም አልተውክም። ስቆጣህ «ጎማ እኮ አለው፣ ራሱ ነው የሚሄደው» ብለህ ሳቅክብኝ። እኔ አልሳቅኩም።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት እቃዬን ይዤ ግቢው ውስጥ ተቀመጥኩ። ብሎኖቹ ዝገው ነበር፤ ዘይት ነፍቼባቸው፣ ጠብቄ፣ አንድ በአንድ ፈታኋቸው። አሮጌውን ማርሚታ አውጥቼ ስዘቀዝቀው ውስጡ ኮሽኮሽ አለ። ጥቁር ነገር ወደቀ። መጀመሪያ የወፍ ጎጆ መስሎኝ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳየው የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ነው። በቆልማማ ብረት ስስበው ሌላ መጣ፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ። ድምፁ እንዳይወጣ በገዛ እጅህ ጠቅጥቀኸው ኖሯል።

ሞተሩ ዳገት አልወጣ አለኝ ስትለኝ ሦስት ጊዜ ካርቡራተሩን ፈትቼ አጥቤልሃለሁ። አጠገቤ ቆመህ መብራት እየያዝክልኝ አንዲት ቃል አልተነፈስክም። እናቴም ሽቦዬ የት ገባ እያለች ስንት ጊዜ ወንድሜን ተቆጣችው። ጠርቼ አሳየኋት። ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ግን ተናደድኩ። አሁንም ተናድጄብሃለሁ፣ አባዬ። ይህን ያህል መደበቅ ለማን ብለህ ነው?

አዲሱን ገጠምኩት። ማሸጊያውን ቀየርኩ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ፣ የጣቴ ቅባት ተቃጥሎ እንዳይቀርበት በጨርቅ ወለወልኩት። ደግሞ እንዳትሰጋ፣ ፈቃድ ያለው ነው፣ የዓመቱን ምርመራ ያልፋል። ከዚያ እንደ እስከዛሬው ማዕዘኑ ድረስ ሳልገፋው፣ እዚያው በሩ ላይ አስነሣሁት።

ሲማ ወጣች። አርጅታለች፣ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር፣ በአማርኛም በዕብራይስጥም። እሷ ግን ሞተር ሳይክሉን አየት አድርጋ፣ በመጨረሻ ተሠራላችሁ ወይ አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተበላሸ መስሏት ነበር። እንቅልፍ የላትም፣ ካንተ ቀድማ ነው የምትነሣው። በመስኮት እያየችህ፣ ይህ ምስኪን ዛሬም አልነሣ ብሎት ይገፋል እያለች ታዝንልህ ኖሯል። ሼኬት ያለችህን ቀን ነገርኳት። አታስታውሰውም። ስምህን ጠየቀችኝ። ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር ጮክ ብዬ ነገርኳት።

አሁን ስመጣ ማዕዘኑ ላይ አላጠፋም። እስከ በሩ እነዳለሁ፣ እናቴ ከላይ ሰምታኝ ምግብ ታሞቃለች። ሰው እናንተ ከኢትዮጵያ የመጣችሁ ዝምተኞች ናችሁ ብሎ ሊያመሰግነኝ ሲል፣ አባቴ ወንዝ የሚሻገር ድምፅ ነበረው እለዋለሁ። ዝምተኛ ነበር ብሎ ማንም እኔ ፊት አያወራም።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ ግን፣ ያን ቀን ብቻ፣ ማዕዘኑ ላይ አጥፍቼ እስከ በሩ እገፋዋለሁ። በየዓመቱ። ለጎረቤት ብዬ አይደለም፤ ክብደቱን እንዳልረሳው ነው። በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ ቀና ብዬ፣ እጄን ባፌ ዙሪያ አድርጌ፣ እናቴን ከታች እጠራታለሁ።

ልጅህ ትርንጎ
ጊቫት ኦልጋ፣ ሀደራ