መንገዱ ዝግ ነው ይላል

ለወንድምዓለሜ ለባየህ፣ ጎንደር

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ስንዱስ በርትታለች? ትንሹ ክንፉስ ዳዴ ማለት ጀመረ ወይ? እኛ በአካል ቆመን እንሄዳለን። ደህና ነን ብዬ ብጽፍልህ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

የእህታችንን የሊቶርን መርዶ ሽማግሌዎቹ በማለዳ ቤትህ መጥተው እንደነገሩህ ሰማን። መኪና ገጫት ብቻ ብለውሃል አሉ። የቀረውን ከእኔ ስማው።

እማዬ ዕብራይስጥ እንደማታነብ ታውቃለህ። ቤታችን የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ፣ የመብራቱንም የሐኪሙንም፣ የማነበው እኔ ነኝ። ጎረቤቶቻችንም ደረጃው ላይ ያስቆሙኛል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ፊት ለፊታችን ያለው ሕንፃ ሲታደስ ካብላኑ፣ ማለት ሥራ ተቋራጩ፣ መንገዱን ለመዝጋት ፈቃድ አውጥቶ ግድግዳችን ላይ ለጠፈ። እማዬ ምን ይላል ብትለኝ፣ በእናንተ አቆጣጠር እስከ አሥር ሰዓት ለመኪና ዝግ ነው፣ በሁለቱም ጫፍ ጠባቂ ይቆማል ብዬ አነበብኩላት። ማኅተምም ነበረው። ሊቶር ሰምታ ዘለለች። እዚህ ሰፈራችን ሀዳር መጫወቻ ሜዳ ስለሌለን፣ መንገድ የተዘጋ ቀን አስፋልቱ የልጆች ነው። እማዬም "እንግዲያ ውረጂ" አለቻት።

የላይኛውን ጫፍ ጠባቂ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ልከውት ኖሯል። መንገዱን የዘጋውን የብረት አጥርም ወደ ዳር ገፍተውታል። የጭነት መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ ቁም ያለው ሰው የለም። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። አሁንም በዚያ ሰዓት ደረጃውን ስትወርድ የጫማዋ ኳኳታ ይሰማኛል። ስትመለስ ግን አይሰማኝም። በሩን ከፍቼ የማይበት ቀን አለ።

ባለፈው ሳምንት የሰፈሩ ሰው ስለዚሁ ፈቃድ ተሰበሰበ። ፈቃድ ከሚሰጠው የማዘጋጃ ቤት ክፍል አንድ ሰውዬ መጣ። ጎረቤታችን እትዬ ይርገዱ፣ "ማኅተሙን ትመታላችሁ፣ ከዚያ ማን ሄዶ ያየዋል?" አሉት፤ እኔ ተረጎምኩላቸው። የታችኛው ፎቅ ሊኦን ደግሞ፣ "መኪናዬን ያለቦታው ሳቆም በሁለት ደቂቃ ከች ትላላችሁ፤ እግራችሁ ለቅጣት ብቻ ነው የሚሠራው?" ብሎ ሰዉን አሳቀ። ሰውዬው አልሳቀም። ፈቃዱ ሕጋዊ ነው፣ ተቆጣጣሪዎቼ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ልጅን ደግሞ ወላጅ ይጠብቃል አለ።

እማዬ ክንዴን ይዛ "ምን አለ?" አለችኝ።

በጣም አዝናለሁ አለ፣ አልኳት። ከወንበሯ ተነሥታ እጅ ነሣችው። "አምላክ የሱንም ልጆች ይጠብቅለት በልልኝ" አለች። እሱንም ተረጎምኩት።

ትናንት ሌላ ወረቀት ተለጠፈ። ያው ካብላን ነው፤ ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ይላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬና እትዬ ይርገዱ ደረጃው ላይ ይጠብቁኝ ነበር፤ እትዬ ይርገዱ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘዋል። "ካሳው፣ አንብብልን እስቲ" አሉኝ። መንገዱ ዝግ ነው ይላል። እኔ ግን መንገዱ ክፍት ነው፣ መኪና ይበዛል፣ ልጆች እንዳይወርዱ ይላል ብዬ አነበብኩላቸው። እትዬ ይርገዱ መርቀውኝ ገቡ። እማዬ ወረቀቱን በመዳፏ ዳበሰችና "ያን ቀንም እንዲህ ብሎ ቢሆን ኖሮ" አለች።

ባየህ፣ ይህን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ስትደውልላት ሰውዬው እንዳዘነልን ትነግርሃለች። እሺ፣ ሰምቻለሁ በላት።

ስንዱን በጣም ናፍቀሽኛል በልልኝ። ክንፉን ግንባሩን ሳምልኝ። መርዶውን ይዘው ለመጡት ሽማግሌዎች እማዬ እግዜር ይስጣቸው ብላለች። ለእኔም ጸልይልኝ።

ወንድምህ ካሳው
ሐይፋ፣ ሀዳር ሃካርሜል
ሐሙስ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.