መሪ አትያዝ የተባልኩበት ዓመት

አስካልዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ መሪ እንጂ እስክሪብቶ ጨብጬ አላውቅም፤ አሁን ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ብታዪኝ እንዴት እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂ ግዴለም። ያልነገርኩሽ ነገር ስለበዛ ነው።

ከቤቱ ልጀምር። ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጠፈበት። ክረምት በመጣ ቁጥር ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ የምትሻገሪው ያ የአቃቂ ጭቃ አሁን የለም። ልጃችን ቅድስት ሃያ ሰባት ሞላት። ጎረቤታችን ሰይድም እንዳለ ነው፤ የመለዋወጫ ሱቁን አስፍቶታል፣ ለዒድ አሁንም ከኛ በር ሳይደርስ አይውልም።

ዋናው ወሬ ግን የኔ ራስ ነው። አምና ኅዳር ላይ ቃሊቲ ተራ ቆሜ ሰው ስጭን ቀኝ እጄ በራሱ ጊዜ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውም። መሪው ላይ ተደፍቼ ስንዘፈዘፍ ረዳቴ ጎሳዬ ዘሎ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ነው ያወረደኝ። ሚኒባሷ ሞልታ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰው። ደቂቃ ቢዘገይ እኮ ዋናው መንገድ ላይ ነበርን። ይህንን ሳስብ ዛሬም ላብ ያጠምቀኛል።

ምርመራው ራሴ ውስጥ ሎሚ የምታህል ዕጢ አገኘ። ክፉው ዓይነት አይደለም አሉ፤ ግን መውጣት አለበት። ጥር ላይ የራስ ቅሌን ከፍተው አወጡልኝ። ስነቃ መጀመሪያ የጠራሁት አንቺን እንደነበር ቅድስት ነግራኛለች።

ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሟ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ወጣት ሴት ናት፣ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ በአንድ ነገረችኝ። «ጋሼ፣ ከአምስት ኪሎ በላይ አያንሱ። ራስዎን ዝቅ አድርገው አያጎንብሱ፤ የጫማዎን ክር እንኳን ሰው ይሰርልዎ። መሰላል አይውጡ። በር ቆልፈው ብቻዎን አይታጠቡ። ከፍ ያለ ትራስ ላይ ይተኙ። መጠጥ አይቅመሱ፤ የሚጥል በሽታውን መድኃኒት አንድ ቀን እንኳን እንዳይዘሉ።» ሁሉንም እሺ አልኩ። በመጨረሻ «መኪና አይነዱም» አለችኝ።

«እስከ መቼ?»

«ለጊዜው ስድስት ወር። ከዚያ እናያለን።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ነው የነዳሁት አስካልዬ። አንቺ በሞትሽ በአሥራ አምስተኛው ቀን እንኳን ሥራ ገብቻለሁ፤ ቤት መቀመጥ አልቻልኩማ። አሁን ደግሞ ቤት ተቀመጥ ተባልኩ። ሚኒባሷን ለሌላ ሾፌር አልሰጥም ብዬ ግቢ ውስጥ አቆምኳት። ምን ዓይነት ግትር እንደሆንኩ ታውቂያለሽ።

ቅድስት የተባለውን ሁሉ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ጠዋት ጠዋት ወደ ልብስ ፋብሪካው ከመሄዷ በፊት ፊቴ ተንበርክካ ጫማዬን ታስርልኛለች። የመጀመሪያ ቀን ሞት ተመኘሁ። ከዚያ ግን ትንሽ ልጅ ሳለች የሷን ጫማ ማን ያስርላት እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። አንቺ ነበርሽ፤ ሁልጊዜ። እኔ ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ሌላውን ሰው ሥራ አደርስ ነበር። የራሴን ልጅ ጫማ አንዴም አስሬላት አላውቅም።

የስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሁሉ ሲሰግድ እኔ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። የነፍስ አባታችን በአጠገቤ ሲያልፉ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣ «አንተ ዘንድሮ ስግደትህ መታዘዝ ነው» አሉኝ። መታዘዝ እንደሚከብደኝ ማን ነግሯቸው ይሆን?

እውነትም ከበደኝ። ከፋሲካ በኋላ ፀጉሬ በቀለ፣ ራስ ምታቱ ጠፋ፣ ዳንኩ ብዬ አመንኩ። አንድ ጠዋት ቅድስት እንደወጣች ቁልፉን ከመሳቢያ አወጣሁና መሪው ላይ ተቀመጥኩ። ባትሪው አላሳፈረኝም፤ ሞተሩ ተነሳ። የድምፁን ነገር ምን ልበልሽ፣ እንደ ሰው ድምፅ ነው የናፈቀኝ። ሳሪስ ደርሼ ልመለስ ብዬ ፍሪሲዮን ረገጥኩ። ወዲያው የጋቢናው በር ተከፈተና ሰይድ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ወዴት ነው ታዴ?»

«ሳሪስ ደርሼ ልመለስ።»

«በል ንዳ» አለና ቀበቶውን አሰረ።

«ውረድ ሰይድ።»

«አልወርድም። ከተንዘፈዘፍክ መሪውን እኔ እይዛለሁ። ችግሩ መንዳት አልችልም፤ ስለዚህ አብረን ነው የምንሄደው፤ መንገድ ላይ ያገኘነውንም ሰው ይዘን።» ሳቅ አልነበረበትም። ከዚያ፣ «አስካለ ብትኖር ጎማው ሥር ትተኛልህ ነበር። እሷ የለችም፤ እኔ አለሁ» አለኝ።

ሞተሩን አጠፋሁት። ከዚያ አለቀስኩ፤ በቀብርሽ ቀን ሰው ፊት ያላለቀስኩትን ያህል። ሰይድ በመስታወቱ ወደ ውጭ እያየ ጠበቀኝ። ሲወጣልኝ ቁልፉን በገዛ እጄ ሰጠሁት።

ያን ዕለት ማምሻውን ሳልደብቅ ለቅድስት ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ክፍሏ ገብታ ቦርሳዋን ይዛ መጣችና አንዲት ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መንጃ ፈቃድ። ፎቶው የሷ። ከአራት ዓመት በፊት የወጣ።

«ያስመዘገበችኝ እማዬ ናት» አለችኝ። «‹አባትሽ ራሱ እስኪፈልግሽ ድረስ አትንገሪው› ብላኝ ነበር።»

አስካልዬ፣ ይህንን ከኔ ደብቀሽ ሄድሽ! ብናደድ ደስ ባለኝ፤ ግን በምን አፌ? ሚኒባሷን የገዛን ሰሞን «እኔንም አስተምረኝ» አልሽኝ። ጓደኞቼ ተቀምጠዋል። «መጀመሪያ ብስክሌት ቻይ» ብዬ አሳቅኩብሽ። ሰሃኑን አንስተሽ ወደ ጓዳ ገባሽ። ዳግመኛም አልጠየቅሽኝም። እኔ የረሳሽው መስሎኝ ነበር። አንቺ ለካ ልጅሽን እያዘጋጀሽ ነው። ይቅር በይኝ። በሕይወት ሳለሽ ልልሽ የሚገባኝን አሁን በወረቀት እላለሁ፤ ይቅር በይኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሟን፣ «ልጄ ስትነዳ አጠገቧ መቀመጥስ ክልክል ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። «መቀመጥ ማን ከለከለዎት?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ቅድስት ቁልፉን ከሰይድ ተቀብላ፣ እሑድ እሑድ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ወዳለው ሜዳ እንወጣ ጀመር። ትንሽ መኪና መንዳት ትችላለች፤ ሚኒባስ ግን ሌላ ነው። እሷ ማርሽ ስትቀይር እኔ ባዶውን ወለል እንደ ፍሬን እረግጣለሁ። አንድ ቀን «አባዬ፣ እግርህ ወለሉን ሊበሳው ነው» ብላ ሞተሩን አጥፍታ ሳቀች። ሳቋ ያንቺ ነው። የሕዝብ መኪና ለመንዳት የሚያበቃውን ፈተና ሐምሌ ላይ ወሰደች፤ በመጀመሪያው አለፈች። ከፋብሪካውም በራሷ ፈቃድ ለቀቀች። እኔ አልገፋፋኋትም፤ እንዲያውም ደጋግመሽ አስቢበት ብያታለሁ።

ፈተናውን ካለፈች ከሦስት ቀን በኋላ የስድስት ወሩ ምርመራ ደረሰ። የራሴ ፎቶ ንጹሕ ነው። ዕጢው አልተመለሰም፤ መንዘፍዘፉም ደግሞ አልመጣም። መታጠፉም፣ ማጎንበሱም፣ መጠነኛ ዕቃ ማንሳቱም ተፈቀደልኝ። «ሕዝብ ጭኖ መንዳት ግን ይቅርብዎ ጋሼ» አለችኝ ሐኪሟ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለኔ ብለው።» ይህችን ቃል ስድስት ወር ሙሉ ስፈራት ነው የኖርኩት። ስትመጣ ግን እንደፈራኋት አልሆነችም። አሥራ ሁለቱ ሰዎች ትዝ አሉኝ። «እሺ» አልኩ፤ እውነቴን ነበር።

አሁን እንዴት እንደምንኖር ልንገርሽ። ጎሳዬ የራሱን ባጃጅ ይዟል። የቅድስት ረዳት እኔ ነኝ! ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ ሁለት ሦስት ዙር፤ ከዚያ ሌላ ሰው ይተካኛል፣ እኔም ቤት ገብቼ መድኃኒቴን ውጬ እተኛለሁ። የመጀመሪያው ቀን አቃቂ ተራ ላይ የድሮ ጓደኞቼ ከበው ሳቁብን። «ታደሰ ወያላ ሆነ!» አሉ። ተሳፋሪውም ሴት ልጅ መሪ ላይ ሲያይ አመነታ። አንዲት የሽንኩርት ዘንቢል የያዙ እናት ናቸው ቀድመው ገብተው ከኋላዋ የተቀመጡት። እሳቸውን አይቶ ሌላው ገባ። በሩ ላይ ቆሜ «ሳሪስ! ሳሪስ አቦ!» ብዬ ስጣራ ድምፄ ተሰነጠቀ፤ ተሳፋሪው ጉንፋን የያዘኝ መሰለው።

ረጋ ብላ ነው የምትነዳው። ቀዳዳ አይታ አትሾልክም፣ ጥሩንባ አታበዛም። እኔ በወጣትነቴ ከነዳሁት በብዙ ትሻላለች። ባለፈው ሳምንት ጋቢና የተቀመጠች ወጣት ነርስ ስታያት ቆየችና፣ «ጎበዝ ነሽ እቴ፤ ማን አስተማረሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ ከኋላ ሆኜ ሒሳብ እየተቀበልኩ ጆሮዬን አቆምኩ። ስንት እሑድ ወለል የረገጥኩ ሰው ነኝ፣ መቼም ስሜን ትጠራለች ብዬ።

«እናቴ» አለች።

አልተከራከርኩም አስካልዬ። ልክ ናት። ከዛሬ ጀምሮ እኔንም የጠየቀኝ ሰው ካለ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ።

ያንቺው ታደሰ