ጋቢህንም ፈረስህ ወሰደብኝ

ይድረስ ለልጄ ለእንዳልካቸው፤ በሰው አገር ሞገስ ይሁንህ፤ ባለፈረሱ ጊዮርጊስ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ። ይኸው በምርቃቴም ፈረስ ገባብኝ።

እኛ ደኅና ነን፤ ገብሱም ዘንድሮ ሸጋ ነው። እኔን ጉልበቴን ያመኛል፤ አንተ ግን ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ፈረስህ ስለ ዳማ ነው። ምነው ልጄ፣ የወለድሁህ እኔ አይደለሁም? ፈተና ደርሶብህ ሳለ የዳማን ቪዲዮ ላኪልኝ ማለትህንም እኅትህ ነግራኛለች። ዳማ ዲግሪ አይሰጥህም፤ ትምህርትህን ያዝ።

እሱም ቢሆን ሰሞኑን አልበላም ብሎ አስጨንቆን ነበር። ቢቸግረኝ ጋቢህን ለብሼ ቀረብሁት። አንተን መስዬው እያሽካካ መጣ፤ ጋቢውን እያሸተተ ድርቆሹን ሁሉ ጨረሰ። እኔ ያንን ጋቢ ጠረንህ እንዳይጠፋብኝ ሳላጥበው ያኖርሁት ለራሴ ነበር። አሁን ፈረስ ፈረስ ይሸታል።

በል፣ ፈረስ የሌላት እመቤቴ ማርያም ፈተናህን በድል ታስጨርስህ፤ ለአገርህ መሬት ታብቃህ። አንድ ነገር ብቻ ለምኜሃለሁ፤ የሚመጣ ሰው ስታገኝ የለበስኸውን ሸሚዝ ሳታጥበው ላክልኝ።

ለዳማ አላሳየውም።

እናትህ ዝናሽ