ለአባትሽ የሠራሁት ቀዝቃዛ መኮሮኒ

የሆዴ ፍሬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? በሄድሽበት ሁሉ መልካም ሰው ይግጠምሽ። በስልክ ልነግርሽ ስል ድምፄ እየከዳኝ ነው የጻፍኩልሽ።

የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠገነ። የእህትሽ ልጅም ድክ ድክ ማለት ጀምራለች። አባትሽ ግን ከአልጋ አልወረደም። መድኃኒቱ አፉን አቁስሎት ትኩስ ነገር ያቃጥለዋል።

ባለፈው በስልክ እንደነገርሽኝ ትናንት መኮሮኒ ቀቅዬ በቀዝቃዛ ውኃ አለቀለቅሁት። ፎሶሊያውንና አተሩን አረንጓዴነታቸው ሳይጠፋ ቶሎ አወጣኋቸው። በሶብላና ናና ከዘይት ጋር ወቅጬ ለወስኩበት። ሎሚውን ቁስሉን እንዳይለበልበው ብዬ ተውኩት።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ገብታ አየችና፣ «ሰውዬውን ሳር ልታበይው ነው?» አለች።

አባትሽ ፈገግ አለ። «ተያት፤ ልጄ ናት ያዘዘችልኝ» አላት።

በማንኪያ አጎረስኩት፤ ጥቂት ዋጠልኝ። ከዚያ ሳህኑን ገፋ አደረገና፣ «የቀረውን ክደኚላት፤ ደክሟትና ርቧት ነው የምትገባው» አለኝ። ከሥራ የምትመለሺ መስሎት ነው። አገር ለቃ ሄዳለች ማለት አቃተኝ። እሺ ብዬ ከደንኩልሽ፤ ዛሬ ጠዋት አውጥቼ ደፋሁት።

ሐኪሙ ልጆቹን ጥሪ ብሎኛል። ሥራ ጥሎ መምጣት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ አልፈርድብሽም። ከቻልሽ ግን ነይ፣ እናቴ። ስጦታ ምናምን ብለሽ አትዘግዪ፤ ባዶ እጅሽን ነይ። በር በተንኳኳ ቁጥር «ገባች?» ይለኛል፤ እኔም «መንገድ ላይ ናት» እለዋለሁ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ለዓይኑ ያብቃሽ።

እናትሽ