የጥቁሩ መስኮት ቀዳዳ

ጥቅምት 6
በር ከፈትኩ፣ በር ዘጋሁ። ቢሯችን የድሮ ብራናዎችን ፎቶ እያነሳ ኮምፒውተር ውስጥ ያኖራል፤ እኔ ደግሞ ቢሮውን እጠብቃለሁ። ያለ እኔ ምን ሊሆኑ ነው?
በምሳ ሰዓት የኮምፒውተር ባለሙያዋ ማኅሌት ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችኝ። መተየብ እንድለማመድ በስሜ ክፍል፣ አካውንት የሚሉትን፣ ከፍታልኛለች። የሚተየብበት ጥቁር መስኮት ነው፣ ነጭ ጽሑፍ ያለው... ተርሚናል ትለዋለች። ስሜን ጻፍኩበት። «አላውቀውም» ብሎ መለሰ አለችኝ። መላው ላስታ የሚያውቀኝን?

ጥቅምት 9
ማታ፣ ፊደል በምማርበት የጎልማሶች ትምህርት፣ መምህርት ባንቺዓለም «የፈለጉትን ይጻፉ» ብላ ሰሌዳ ላይ አወጣችኝ። ምን ልጻፍ? እጄ የለመደውን፣ የኮምፒውተር ክፍሌን መክፈቻ ቃል ጻፍኩ፦ ጀግናውአዝመራው። አንድ ፊደል አልሳትኩም። ወደደችው። «ሁላችሁም አምስት አምስት ጊዜ ገልብጡ» አለች። ሃያ ሁለት ሰው አንገቱን ደፍቶ ጻፈኝ።
አብሮኝ የሚማረው የቢሯችን ሻይ አመላላሽ ሰውአገኝ ብቻ አጉረመረመ። «አያ አዝመራው፣ ጀግንነትህ ፈተና ላይ ይመጣል?»

ጥቅምት 13
ማኅሌት ፊቷ ጠቁሯል። የጥቁሩ መስኮት ሶፍትዌር ቀዳዳ ተገኝቶበታል።
«ሌባው በየት ያልፋል? በር ላይ እኔ አለሁ» አልኳት።
«ከውጭ አይደለም ጋሼ። እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ክፍል ያለው ሰው ነው። ከራሱ ክፍል ተነስቶ የሌላውን ከፍቶ መሰረዝ ይችላል።»
«ክፍል ያለው ማን ማን ነው?»
«እኔ፣ አቶ ዘመኑ... እና እርስዎ።»
ተሳሳቅን።
«የመክፈቻ ቃልዎን ለማንም አልነገሩም መቼም?»
«ለማንም።»
እውነቴን ነው። አልነገርኩም... ጻፍኩ እንጂ።

ጥቅምት 14
ቃሌ ያለበት ሃያ ሁለት ደብተር። የሁለት ዓመት የብራና ፎቶ። ክፍሉን የከፈተችልኝ ደግሞ ለአለቃችን ለአቶ ዘመኑ ሳትነግር... አንድ ነገር ቢጠፋ የምትባረረው እሷ ናት። ብናገር ታዝንብኛለች። ዝም ብልስ? «ጋሼ» የምትለኝ ልጅ...

ጥቅምት 15
ነገርኳት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀች ነው።
«ገልብጡ ብላ?»
«አምስት አምስት ጊዜ።»
ከዚያ ሳቋ ቆመ። ክፍሌን ዘጋችው። አቶ ዘመኑ ዘንድ አብረን ገባን።
«የበር ጠባቂ ስም እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?» አሉ።
ቀደምኳት። «ጥፋቱ የእኔ ነው ጌታዬ። እሷ ፊደል ልታስቆጥረኝ ብላ ነው። የሚባረር ካለ እኔ ልባረር።»
አቶ ዘመኑ ወደ እሷ ዞሩ። «የጠፋ አለ?»
«አንድ በአንድ አየሁት። የተነካ የለም።»
«እስኪጠገን ማንም አይንካው» ብለው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። አልተባረረችም። እኔም።

ጥቅምት 20
በዚህ ዘገምተኛ ኔትወርክ የሶፍትዌሩ መጠገኛ ለመውረድ ሦስት ቀን ፈጀ። ቀዳዳው ተደፈነ። አቶ ዘመኑ ሲያልፉ «ስሙን መልሽለት፤ ቃሉን ግን ይቀይር» አሏት። ማኅሌት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እኔ ተየብኩ። «ልየው?» አለች፣ ልትፈትነኝ። «አንቺም ብትሆኚ» አልኳት። ደስ አላት።
ማታ ተማሪው በሙሉ አዲሱን ቃል ጠየቀኝ። መምህርቷም። እኔ ዝም... እኔ አዝመራው።
እዚህም አልጽፈውም። ደብተሬ፣ አትቀየሚኝ።
ግን እንዴት ያለ ግሩም ቃል መሰለሽ።