ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ድካሙ አልለቀኝም እንጂ አለሁ። ኪሱሙም ያው እንደምታውቂያት ናት፤ ሐይቁ አጠገቧ ሆኖ ሙቀቷ ጋብ አላለም።

አዲሱ ሕንፃ ካለቀ ለምን አይከፈትም፣ ልጄ አዊኖ እስከ መቼ ቤት ትቀመጣለች ብለሽ የጻፍሽው ደርሶኛል። እውነትሽን ነው፤ ልጅሽ እዚያ ምርምር ማዕከል ከተቀጠረች ሦስት ወሯ ነው። ያዘገየሁት እኔ ነኝ። የአየር ማሽኖቹ በትክክል መሥራታቸውን ፈትሼ ካልፈረምኩ ማንም ሥራ አይጀምርም።

ያስቸገረኝ አንድ ክፍል ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን አክታ የሚመረመርበት። የዚያ ክፍል አየር በጣሪያ በኩል ተስቦ ይወጣል እንጂ በበሩ ወደ ኮሪደሩ ማምለጥ የለበትም። እኔም ኮሪደሩ ላይ ሆኜ በበሩ ሥር ቁራጭ ሶፍት እይዛለሁ፤ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደኅና ነው። ሰኞ ጠዋት ተሳበ። አለቃችን ዋፉላ ወዲያው እስክሪብቶ አቀበለኝ። ከሰዓት ልድገመው ስለው ሳቀብኝ፤ «አንተ ሰውዬ፣ ማሽኑ ምሳ በልቶ ያንቀላፋል እንዴ?» አለኝ።

ከሰዓት የሐይቁ ነፋስ ተነሳ። ያ የአባታችንን ጀልባ ወደ ዳር የሚገፋው ነፋስ ጣሪያው ላይ ያለውን የጭስ ማውጫ የመሰለ የአየር መውጫ አፍ ለአፍ ገጥሞ አየሩን ወደ ውስጥ መለሰው። ሶፍቱ ዞሮ ወደ እኔ መጣ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንደዚያው ሆነ። መውጫው ካልዞረ አልፈርምም አልኩ።

ዋፉላ ተናደደ። ለምረቃው እንግዳ ተጠርቶ፣ ድንኳን ተተክሎ አንተ በሶፍት ትጫወታለህ አለኝ። የድሮውን ሕንፃ ስታስረክብ እኮ እንዲህ አላስቸገርከንም ነበር አለ።

አላስቸገርኩም። ያንን የፈተሽኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። ከምሳ በኋላ አልተመለስኩም። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሆኜ ነፋሱ መቼ እንደሚነሳ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ደክሞኝ ነበር።

በድሮው ሕንፃ የአዊኖ አባት የኦዴራ ጠረጴዛ የት እንደነበር ታስታውሻለሽ። ምሳ ስታደርሺለት ከአክታ መመርመሪያው ክፍል በር አጠገብ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ናሙና ሲመዘግብ ታገኚው ነበር። ማሳል ሲጀምር የሐይቁ ብርድ ነው፣ ያልፍለታል ያልኩሽ እኔ ነኝ። በቀብሩም ዕለት ትከሻዬ ላይ ተደግፈሽ አለቀስሽ።

ትናንት የአዊኖን ጠረጴዛ አስገቡ። ያስቀመጡት ኮሪደሩ ላይ ነው። ስለዚህ ትታገሠኝ፤ አንቺም ታገሺኝ።

ዕድሜና ጤና አይንሳሽ፤ ልጆችሽን ይጠብቅልሽ። መልስ ባትጽፊልኝ አልቀየምሽም።

ወንድምሽ