ለመደ በል እንጂ ደነደነ አትበል

ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ሙት ዓመትሽ ታኅሣሥ ላይ ይውላል፤ አሁን ኅዳር ገብቷል። ሞላሌም እንደምታውቂያት ናት፤ ቀን ፀሐዩ ጀርባ ይጠብሳል፣ ማለዳ ደግሞ በባልዲ ያደረው ውሃ ላዩ እንደ መስተዋት ረግቶ ይገኛል። በመጀመሪያ የቤቱን ነገር ልንገርሽ። ከአዲስ አበባ ስትመጪ ገና ከአውቶቡስ ሳትወርጂ በመስኮት የምትጠይቂኝ እሱን ነበርና።

የጓሮው ካብ በክረምቱ ዝናብ ተንዶ እንደገና ተካበ። ጥቁሯ በግ መንታ ወለደች። ትምህርት ቤቱ አዲስ ርእሰ መምህር መጥቶለታል፤ ወጣት ነው፣ ሰውም ያከብራል፤ የሚለጥፈው ማስታወቂያ ግን አራት ነጥብ አያውቅም። እኔም ጡረታ ወጥቼ አልተሻለኝም፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እርሳሴን ከኪሴ አውጥቼ አርምለታለሁ። አንቺ ብትኖሪ "የኔታ፣ ተዋቸው" ብለሽ ክንዴን ትጎትቺኝ ነበር።

ልጃችን የሺ ከደብረ ብርሃን እየተመላለሰች ትጠይቀኛለች። ባለፈው ስትመጣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ለሙት ዓመቱ ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ ስላለ ያንቺን ክፍል እናጽዳውና እንግዳ ይደርበት አለች። የተናገረችው እውነት ነው፤ ክፍሉ እንደተውሽው ተዘግቶ ነው የከረመው። አስቤ እነግርሻለሁ አልኳት። ለእሷ ከመመለሴ በፊት ግን ለአንቺ መንገር አለብኝ።

በለቅሶሽ ሰሞን የመጣው ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይለኝ ነበር። አንዱ "ልብህን አደንድነው" ይላል፤ ሌላው "ግድ የለም፣ ይለመዳል" ይላል። አንዳንዱ ሁለቱን አከታትሎ ይላቸዋል። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ ይህን ብትሰሚ እንዴት ትቆጪ እንደነበር አስብ ነበር። እነዚህ ሁለት ቃላት በቤታችን ስንት ምሽት እንዳከራከሩን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።

በደርግ ጊዜ ነው፤ የሺ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር። አንቺ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ገብተሽ ከፍተኛ የዕፅዋት ፊዚዮሎጂ የሚባለውን ትምህርት ትማሪያለሽ፤ እኔ እዚህ አማርኛ አስተምራለሁ፣ ልጅ አሳድጋለሁ። ክፍላችሁ ውስጥ መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለነበረ ተራ እየጠበቃችሁ ትገለብጡት ነበር። ያ መጽሐፍ የተጻፈው በረዶ ለወራት ምድር ላይ በሚተኛበት አገር ነው። እዚያ ቅዝቃዜው ቀስ በቀስ እየጨመረ ስለሚመጣ ስንዴው ጊዜ አግኝቶ ይዘጋጃል፤ ዋናው ብርድ ሲደርስ አይገድለውም። የእኛ መንዝ ግን ቀኑ በጋ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ታዲያ የመንዝ ገብስ ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛል ወይ? ይህችን ጥያቄ ይዘሽ ነበር ለመመረቂያ ጥናትሽ ወደ ቤት የመጣሽው።

ሰው ሁሉ አዝመራውን ለማጨድ ማጭድ በሚስልበት ሰሞን አንቺ በዱቄት ወተት ጣሳ አፈር ሞልተሽ ገብስ ዘራሽ። ከበቀለ በኋላ እኩሌታውን ምድጃው አጠገብ አኖርሽው። የቀረውን አመሻሽ ላይ ደጅ ታወጪና ጥቂት ቆይቶ ታስገቢዋለሽ፤ በማግስቱ ጨመር ታደርጊለታለሽ፤ እንዲያ እንዲያ እያለ ደጅ እስኪያድር ድረስ። ከዚያ በኋላ የቀረሽ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እውነተኛ ውርጭ። እሱ ሳይመጣ ኅዳር ካለፈ የዓመቱ ድካም ከንቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ሌላ ዓመት እንደማይጨምርልሽ ነግሮሻል።

ጎረቤት ደጃፍ ላይ ምን እንደምታደርጊ ቢጠይቅሽ፣ "ውርጭ እየጠበቅሁ ነው" አልሽ። ቃሉ ንጹሕ ነበር፤ ግን ሰው ያልታጨደ ገብስ ማሳ ላይ ቆሞለት በሚጸልይበት ወር፣ ሽማግሌዎች የውርጭን ስም እንኳ በማይጠሩበት አገር ተናገርሽው። ገበያ ሲቆም ወሬው "የመምህሩ ሚስት ውርጭ ትጠራለች" ሆኖ አደረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ስብሰባ ጠራሽ። በዚያ ዘመን "አሻጥር" የምትባል ቃል ምን ታመጣ እንደነበር ታውቂያለሽ። ጣሳዎቹን ብቻ ሳይሆን አንቺንም ይወስዱብኛል ብዬ እየሰጋሁ ነው የተከተልኩሽ።

መጀመሪያ የተነሡት ጎረቤታችን አያ ደምሴ ነበሩ፤ ከታች ወንዝ ዳር ባለው ዝቅተኛ ማሳ ዘግይተው ገብስ የዘሩት። "እታለም፣ የዘራ ሰው የሚጠብቀው ዝናብ ነው። ውርጭ የምትጠብቂው አንቺ ምን ቤት ነሽ?" አሉሽ። ሰው አጉረመረመ። አንቺም ውርጩ ብትጠብቂውም ባትጠብቂውም እንደሚመጣ፣ ሲመጣ ግን የትኛው ገብስ ተዘጋጅቶ እንደቆየው ማየት እንደምትፈልጊ ነገርሻቸው። ሊቀ መንበሩ ገብስ ደግሞ እንዴት ነው የሚዘጋጀው አለ።

እኔ መልሱን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ተክል ለብርድ መዘጋጀቱን መጽሐፍሽ "ሃርደኒንግ" ይለዋል፤ ለዚህ እንግሊዝኛ ቃል "ደነደነ" የሚለውን ያቀበልኩሽ እኔ ነኝ፤ በሰዋስውም በትርጉምም የሚገጥም ነው ብዬ ተሟግቼልሻለሁ። አንቺ ግን ወደ እኔ እንኳ ሳታዪ፣ "ወይፈን በአንድ ቀን ትጠምዳላችሁ? ቀንበር ታለምዱታላችሁ እንጂ። ገብሱም ብርዱን እንዲህ ይለምዳል" አልሻቸው።

አያ ደምሴ ጢማቸውን ዳሰሱና፣ "እንግዲያውስ እንዳይወጋሽ ተጠንቀቂ" አሉ። ሊቀ መንበሩ ሳይቀር ሳቀ። ሲበተኑ የተወሰነው ጣሳዎቹ ከግቢያችን እንዳይወጡ፣ ውርጩ ከመጣም ማንም ሰው ገብቶ እንዲያይ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አኩርፌ ነበር፤ የሰጠሁሽን ቃል ለምን ጣልሽው ብዬ። እየሄድሽ ያስተማርሽኝ ትምህርት እስከ ዛሬ አለ። የደነደነ ነገር አይሰማውም አልሽኝ፤ እንጨት ይደነድናል፣ የክፉ ሰው ልብ ይደነድናል። ቅጠሉ ግን ብርዱ ይሰማዋል። ስለተሰማውም ነው በውስጡ ስኳር የሚያጠራቅመው፤ ባይሰማው አይዘጋጅም። "ስለዚህ የኔታ፣ ለመደ በል እንጂ ደነደነ አትበል።"

ውርጩ ኅዳር ሳያልቅ መጣ። ጎሕ ሲቀድ በሩን ስንከፍት ሜዳው ሁሉ ጨው የተነሰነሰበት መስሏል። ወደ ጣሳዎችሽ ትሮጫለሽ ብዬ ስጠብቅ ነጠላሽን ተከናንበሽ ቁልቁል ወደ አያ ደምሴ ማሳ ወረድሽ። እሳቸው ዳር ላይ ቆመዋል። አንድ ዛላ ቆርጠሽ ፍሬውን በጣትሽ ጨመቅሽው፤ ውሃ ብቻ ወጣው። አያ ደምሴ ሳያዩሽ፣ "መጣልሽ?" አሉ።

"መጣብን፣ አያ ደምሴ" አልሽ።

ስንት ዓመት ሰዋስው አስተምሬአለሁ፤ የሁለት ፊደል ለውጥ እንደዚያ ሲሠራ ግን አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ነው ጣሳዎቹን ያየሽው። ምድጃ አጠገብ ያደጉት፣ ያን ሌሊት ከሌሎቹ ጋር ደጅ ያደሩት፣ የተቀቀለ ጎመን መስለው ተኝተዋል። ብርዱን የለመዱት ቆመዋል፤ ሁሉም አይደሉም፣ ግን አብዛኞቹ። አንድ ረድፍ ግን ግንባርሽን አስቋጠረሽ። እነሱም ለምደው የነበሩ ናቸው፤ ከውርጩ በፊት ለጥቂት ቀን ሆን ብለሽ ወደ ሙቀት መልሰሻቸው ነበር። እነሱም ሞቱ። ልምድ በሙቀት ቶሎ ይረሳል አልሽ፤ በጥናትሽም ላይ ከሁሉ አስበልጠሽ የጻፍሽው ይህንን ነው። ተመርቀሽ ስትመለሺ መጀመሪያ የተቀበሉሽ አያ ደምሴ ነበሩ፤ "ገብሱን ያለመደች" እያሉ ለሰው ያስተዋውቁሽ ነበር።

አሁን በጣም አርጅተዋል። በለቅሶሽ ጊዜ በምርኩዝ እየተደገፉ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። አደንድነው አላሉኝም፣ ይለመዳልም አላሉኝም። "መጣብን" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስኩት።

ጥሩዬ፣ ከቀብርሽ በኋላ ክፍልሽ መግባት አቅቶኝ ነበር። ዘግቼው ልተወው ሳስብ ጣሳዎችሽ ትዝ አሉኝ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ ቆምኩና ዘጋሁት። በማግስቱ ትንሽ ቆየሁ። ሌላ ቀን ገብቼ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ሌላ ቀን ወንበርሽ ላይ ተቀመጥኩ። ለየሺም ቢሆን አልነገርኳትም፤ ስለ ሽማግሌ አባቷ የምትጨነቅበት ሌላ ነገር እንዳልጨምርባት።

አሁን መልሱን አውቄዋለሁ። ክፍሉ ይጸዳ፣ አልጋሽም ላይ እንግዳ ይደር፤ የሰው እግር ቤትሽ እንዳይቀር ትወጂ ነበርና። ጠረጴዛሽ ግን ከመስኮቱ ሥር አይነሣም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ብዙ ቀን ሳልገባ አላሳልፍም፤ ሙቀት እንደሚያስረሳ አስተምረሽኛልና፣ ይህን ቃል እሰጥሻለሁ። አንቺን ለማስታወስ የማውቀው መንገድ ይኸው ነው፤ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት፣ ሳላቋርጥ።

መስከረም ላይ በአንድ ጣሳ ገብስ ዘርቼልሽ ነበር። በቅሎ እዚህ መስኮቱ ላይ ቆሟል። እኔም ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ የጻፍኩልሽ በጠረጴዛሽ ላይ ተቀምጬ ነው። መስኮቱ ክፍት ነው።

ብርዱ ይሰማኛል፣ ጥሩዬ።